ዘጠኝ ቀን በሰሜን ሸዋ፦ ከየት ልጀምር?

መንገደኛዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ነበር። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ወስዶኝ ነበር፤ የማስታውሰው ብርዱንና የበግ ጠጉሩን ሽታ ነው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ለሥራ ወደ ደሴ ስመላለስ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን በመስኮት አይቻለሁ። ወርጄ ቆሎ ገዝቻለሁ፣ ሻይ ጠጥቻለሁ። አውቃቸዋለሁ ግን አልልም፤ ይህ ነገር ከአባቴ ሞት በኋላ ያንገበግበኛል። በጥቅምት መጨረሻ ዘጠኝ ቀን ፈቃድ አለኝ። ያሰብኩት መኪና ተከራይቼ ደብረ ሊባኖስን፣ መርሐ ቤቴን፣ ምንጃርን፣ አንኮበርን፣ ሸዋ ሮቢትንና ጓሳን ማዳረስ ነው። ይበቃኛል? እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

የላሎ ልጅ
አባትሽን ነፍስ ይማር እህቴ። እኔም መንዝ ላሎ ነኝ።

እቅድሽን ሳየው ለሦስት ጉዞ የሚሆን ነው። ካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ እግር ሲረግጠው ገደል ነው። አገሩን እንዲህ አስቢው፦ መሃሉ ሰፊ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ድንገት ተቆርጦ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ሰንጥቀውት ወደ ዓባይ ይሄዳል። ደጋው ጫፍ ላይ ቆመሽ የሚዘንበው ዝናብ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ተነስተሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነሽ። ጠዋት ጋቢ ደርበሽ የወጣሽው ከሰዓት ማንጎ ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ። ሰዉም፣ እህሉም፣ ቤቱም፣ ሃይማኖቱም፣ የገበያው ቋንቋም በዚያ ቁልቁለት ይለዋወጣል።

ስለዚህ አንዱን ጎን ምረጪ። እኔ ብሆን የምሥራቁን ጠርዝ ይዤ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ አልዩ አምባ እወርድና ተመልሼ መንዝ እወጣለሁ። ዘጠኝ ቀን ለዚያ እንኳ ጥቂት ነው።

ሌላም አለ። «ሰሜን ሸዋ» የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። የአማራ ክልሉ ከተማው ደብረ ብርሃን ነው፣ የኦሮሚያው ፍቼ። ደብረ ሊባኖስ ያለው በፍቼው በኩል ነው፤ መንገዱም የጎጃም መንገድ እንጂ የደሴ መንገድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ዙር ማገናኘት ቀን ይበላል።

ባለ ሚኒባስ
ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደብረ ሲና 190፣ ሸዋ ሮቢት 225 ገደማ። አስፋልት ነው። ግን ጣርማ በርን ከሰዓት በኋላ በጉም አትያዢው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ 587 ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲወጣ ጉሙ ግድግዳ ሆኖ የሚቆምበት ቀን አለ። እኔ በዚያ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ አሁንም ያስፈራኛል። ጠዋት እለፊው።

መኪና ባትከራዪ ይሻላል። ብቻሽን ስትነጂ ገደሉን ታያለሽ እንጂ ሰው አታገኚም። ሚኒባስ ውስጥ ጎንሽ የተቀመጠችው እናት ከየት መጣሽ ትልሻለች፤ የአባትሽን ስም ስትነግሪያት አገሯን ሁሉ ትዘረዝርልሻለች።

አንድ ነገር በደንብ ስሚኝ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። የሳምንት ወሬ ይዘሽ አትነሺ። ማታ መነኸሪያ ሄደሽ ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቂ፣ ጠዋት ደግመሽ ጠይቂ። «ዛሬ አይሆንም» ካለሽ እዚያው እደሪ። ቀኑ ቢያልፍብሽ አንቺ ትተርፊያለሽ።

መንገደኛዋ
የላሎ ልጅ፣ ባለ ሚኒባስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መኪናውን ተውኩት። የምሥራቁን ጠርዝ እይዛለሁ። አንኮበር ላይ ስንት ቀን ልስጥ? ቤተ መንግሥቱን ማየት ግማሽ ቀን ይበቃል ብለውኛል።

ቁንዲ ማዶ
ግማሽ ቀን ያለሽ ሰው ፎቶ ለማንሳት የሄደ መሆን አለበት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ በደጋው ጫፍ ይሄዳል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህና አንጎለላ ላይ ነው የኖሩት፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ነው። ደብረ ብርሃን ሳትደርሺ ጫጫ ላይ ብትወርጂ አጠገብሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የደረሱት በዚህ ዳገት ነው። የመጡበትን መንገድ ከላይ ሆነሽ ስታዪው ያኔ ሰው ምን ያህል ጽኑ እንደነበረ ይገባሻል።

ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው። ኮረብታው ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። ብዙ ሰው ወጥቶ ግድግዳውን አይቶ «ይኸው ነው?» ይላል። እኔ ግን አንድ ሌሊት እደሪ እላለሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ ፊትሽን አዙረሽ ቁሚ። ከእግርሽ ሥር ጉም ተኝቷል፣ ጉሙ ሲገፈፍ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ የአፋር ሜዳ በአቧራ ቀልቶ ይታያል። ነገሥታቱ ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡት ሌላ አስረጂ አያስፈልግሽም። ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ፣ ነጋዴውንም ጦሩንም፣ አንድ ቀን ቀድመው ያዩታል። ስሙንም ሽማግሌዎች «የአንኮ በር» ነው ይሉሻል፤ አንኮ የምትባል ሴት በሩን ይዛ ታስከፍል ነበር ብለው ያወራሉ።

ወፍ የምትወጂ ከሆነ የአንኮበርን ስም የያዘች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ትርመሰመሳለች። ሁለት ሌሊት ስጪያት፣ አንኮበርን ማለቴ ነው።

ይፋቴ
ሁሉም ከላይ ሆኖ ቆላውን «አየሁት» ይላል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፤ እዚያ ታች ሰው አለ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ታች ነው።

እህቴ፣ ከአንኮበር በእግርሽ ወደ አልዩ አምባ ውረጂ። ቁልቁለቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጉልበትሽን ያዢ። ከላይ ስትነሺ ገብስና ባቄላ ነው። ወረድ ስትዪ ጤፍና ማሽላ ይመጣል፣ ቤቱ ይለወጣል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ወደ ኋላ ቀርቶ የመስጊድ ሚናራ ይታያል። ሰላምታው ይለወጣል፤ «ጤና ይስጥልኝ» ብለሽ የወጣሽው «አሰላሙ ዓለይኩም» ተብለሽ ትቀበያለሽ። ሁለቱንም የሚሉት ግን ለአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ አንዱ ለአንዱ ለቅሶ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው።

አልዩ አምባ የሣህለ ሥላሴ ዘመን ትልቋ ገበያ ነበረች። ከባሕሩ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚህ ነበር የሚያርፈው፤ የአፋር ጨው፣ የደጋ እህልና ማር፣ ቡናና ጥጥ እዚህ ይለዋወጥ ነበር። የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር፤ ይህንን ሳይናገሩ ስለ ገበያዋ ክብር ብቻ ማውራት ትክክል አይመስለኝም። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ አርጎባ ነበሩ፣ ሐረሪና አፋርም ነበሩባት።

አርጎባን በደንብ ጠይቂ። ቋንቋችን የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። በእኛ በኩል አያቶቻችን ይናገሩት የነበረውን እኛ አንናገረውም፣ አማርኛ ነው የምንናገረው። ወሎ ሾንቄ ላይ እስከ ዛሬ የሚናገሩት አሉ። አያቴ እናቷ የምትቆጣበትን ቃል ብቻ ታስታውስ ነበር። ሽማግሌ ስታገኚ «አርጎብኛ ያውቃሉ?» ብለሽ አትጀምሪ፣ ያሳፍራቸዋል። ስለ ሽመናው፣ ስለ ድሮ ንግዱ ጠይቂ፤ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ጊዜ ከተረፈሽ ሸዋ ሮቢት ወርደሽ ስለ ጎዜ መስጊድ፣ ኖራና አስበሪ ስለሚባሉት የድሮ ከተሞች ፍርስራሽ ጠይቂ። እነዚህ የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ይፋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ የቆየ መንግሥት ነው። የድንጋይ ግንቡ ዛሬም ቆሟል፣ መንገደኛው ግን ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ አያየውም።

ታሪክ ወዳድ
ደብረ ሊባኖስን ከእቅድሽ ማውጣትሽ አሳዘነኝ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች መነኮሳቱንና ምእመናኑን የጨፈጨፉበት። ይህን ሳታዪ ሸዋን አወቅሁ ትያለሽ?

የላሎ ልጅ
ወንድሜ፣ ማንም አትሂድ አላላትም። ደብረ ሊባኖስ እኮ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ነው፤ ሌላ ቅዳሜ ትሄድበታለች፣ ተረጋግታ ትሳለማለች። ዘጠኝ ቀን ተከታትሎ የሚገኘው ግን በዓመት አንዴ ነው። እሱን ለሩቁ ታድርገው።

አባ መረሬ
የምዕራቡን ጎን ማንም አላነሳውም። ለሚቀጥለው ጊዜ ጻፊው፦ እነዋሪ፣ ሞረትና ጅሩ። የጅሩ ሰንጋ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ዓይን የሚሞላ ነገር ግን እርሻው ነው። አፈሩ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ገበሬው በሬው ካረሰ በኋላ ከነቤተሰቡ ወርዶ አፈሩን በእጁ እያነሳ መደብና ቦይ ይሠራል፣ ውሃው በቦዩ ይወጣል፣ ስንዴው በመደቡ ላይ ይበቅላል። የስንት ሄክታር መሬት በእጅ ነው እንዲህ የሚበጀው። በነሐሴ መጥተሽ ብታዪው ስንዴ የሚበላ ሰው ሁሉ ሊያየው ይገባል ትያለሽ። ወደ ጀማ ገደል የሚወርደውም መንገድ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

መንገደኛዋ
አባ መረሬ፣ ለነሐሴ ጻፍኩት። ይፋቴ፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት፤ ወደ አልዩ አምባ በእግሬ እወርዳለሁ። አሁን ጓሳን ንገሩኝ። ቀይ ቀበሮ ማየት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ስለ ቀበሮ ነግሮኝ አያውቅም፣ ስለ ሣሩ ነበር የሚያወራው።

የላሎ ልጅ
አባትሽ ትክክል ነበሩ። የጓሳ ነገር ከሣሩ ነው የሚጀምረው።

ጓሳ የሣሩ ስም ነው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የማያበሰብሰው ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ እረኛ ለዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። በጓሳ የተከደነ ቤት ልጅ ወልዶ ልጁ እስኪያገባ አይነካም ይባላል። ቦታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ስላልደረሰበት አይደለም። በዙሪያው በጣም ብዙ ገበሬ አለ። የቆየው አባቶቻችን ስለጠበቁት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የሚሉት ሥርዓት ነበር። ምድሩ የአስቦና የጌራ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ የየወገኑ ሰው አለቃውን መርጦ፣ ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት እንኳ ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሲበቃ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ወጥቶ ያጭዳል። ያፈረሰ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን ቄሮው ፈረሰ። ያኔ ሣሩ ክፉኛ ተጎዳ። ቆይቶ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ማረፊያውም የማኅበረሰቡ ነው። እዚያ የምትከፍይው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ጠይቂ፣ ያስረዱሻል፣ ደስ ይላቸዋል።

ቀበሮውም የሣሩ እንግዳ ነው። ሣሩ ውስጥ አይጥ አለ፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ሁሉም በአገራችን ተራሮች። ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ሲወጡ ጠብቂ። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይወጡና ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ታያለሽ። አንዳንዴ ቀበሮው በመሃላቸው ቀስ እያለ ያልፋል፤ እነሱም አይሸሹም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። አይጡን ነው የሚጠብቀው። ሰው ይህን ሲያይ ድምፁ ይጠፋል።

መንገዱ፦ ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሳትደርሺ ወደ ግራ ታጥፈሽ በሞላሌ በኩል ወደ መሃል ሜዳ። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጃኬት ላይ ጋቢ ጨምሪበት።

ቁርና ጋቢ
ስለ አስተናጋጅ ሰዎች አንድ ልጨምር። እኔ ባለፈው አንድ አስጎብኚ ዋጋ ሳንነጋገር ይዞኝ ወጥቶ መጨረሻ ላይ ተጣላን። ጥፋቱ የእኔም ነበር። ዋጋውን ሳትነሺ ተነጋገሪ፣ ክፍያው ለማን እንደሆነ አጣሪ፣ ከዚያ በኋላ ልብሽ ያርፋል።

ፎቶም ጠይቀሽ አንሺ። አሮጊቶች እምቢ ካሉ እምቢ ነው። መንገድ ላይ ለሚከተሉሽ ሕፃናት ብር አታድይ፤ ትምህርት ትተው መንገድ ዳር የሚቆሙት በዚህ ነው። መስጠት ከፈለግሽ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስጪ።

ሰው ቤት ስትገቢ ደጃፉ ላይ «ቤት ለእንቦሳ» በይ፤ «እንቦሳ እሰሩ» ይሉሻል። ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደለሽም። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን አስቢ፤ ታች በረመዳን ከሄድሽ ደግሞ ሰው ፊት ውሃ አትጠጪ። ጠላ ሲቀርብልሽ ባትጠጪ እንኳ ቅመሽለት።

መንገደኛዋ
ተመለስኩ። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስድስት ቀን አስቤበት የነበረው መንገድ ስምንት ፈጀ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሌሊት ቆየሁ፤ ሹፌሩ «ነገ እንጂ ዛሬ አይደለም» ሲለኝ ባለ ሚኒባስን አመስግኜ አደርኩ። በዚያ ቀን ነው ከተማዋን ያየኋት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማ ያደረጋት መሆኗን ያወራችኝ ቆሎ ሻጭ ናት። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው፣ እሷ ግን በነጠላ ነበረች።

አንኮበር ጉሙ ለሁለት ጠዋት አልተገፈፈም። በሦስተኛው ተገፈፈ። ቁንዲ ማዶ፣ ምንም የምጨምረው የለኝም፤ እንዳልከው ነው።

አልዩ አምባ በገበያዋ ቀን ወረድኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ግማሽ መንገድ ላይ ከአህያዋ ጋር ባቄላ ይዛ የምትወርድ የአንኮበር ሴት አገኘሁ፤ አብረን ሄድን። ገበያው ላይ ስትደርስ በርበሬ ወደምትሸጥ አንዲት ሙስሊም እናት ሄዳ ጉንጯን ሳመቻት። ከእናቶቻቸው ጀምሮ ደንበኛ ናቸው። ባቄላውን ሳትሰፍር ሰጠቻት፣ በርበሬውን ሳይመዘን ተቀበለች። አንዳቸውም ገንዘብ አላወጡም። እኔ ስለ አሞሌ ጨውና ስለ ሲራራ ሳስብ ነበር የወረድኩት፤ ይፋቴ፣ ያ ነገር ዛሬም አላበቃም። አርጎብኛ አልጠየቅሁም። የበርበሬዋ እናት ግን ራሷ አነሳችው፤ እናቷ ልጅ ስታባብል የምትለውን ነገር አለችኝ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፣ ለእሷ የተሰጣት ነው።

ሸዋ ሮቢት አልደረስኩም። ለሱም እመለሳለሁ።

መንዝ። ጓሳ ላይ ቀበሮ አላየሁም። ጭላዳዎቹን አየሁ፣ አንድ ሙሉ ጠዋት ቁጭ ብዬ። ሣሩን አየሁ። ጠባቂው አንድ ጭብጥ ነጭቶ በእጁ ሲፈትለው ገመድ ሆነ፤ አባቴ ቤት ውስጥ ፌስታል ሳይቀር የሚፈትለው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። እዚያው አለቀስኩ። ጠባቂው ምንም አላለኝም፣ ገመዱን ሰጠኝ።

መሃል ሜዳ ላይ የአባቴን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ አገኘሁ። አባቴን ሳይሆን አያቴን ነው የሚያውቁት፤ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሠሪ ነበር አሉኝ። ይህንን በቤታችን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ሲፈትሉ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ አየሁ። ባና አዘዝኩ፣ ጥቁርና ነጭ። ግን ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ፈቃዴ አለቀ። ከእናንተ መሃል ወደዚያ የሚሄድ ካለ የሸማኔውን ቤት እነግረዋለሁ። ሙሉ ሒሳቡን ከፍያለሁ።

የላሎ ልጅ
እህቴ፣ ለቁስቋም እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ባናው ካልደረሰ ደግሞ ለኅዳር ጽዮን አለሁ። የሸማኔውን ሰፈር በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ይዤልሽ እመጣለሁ። የአያትሽን ስምም ጻፊልኝ፣ እናቴ ታውቃቸው ይሆናል።